ከሚክሰሩ ጀርባ

ካዛንቺስ ውስጥ ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣
የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ሦስት መቶ ሰው የሚያስገባ።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣
ባለ ሃያ አራት መስመር ሚክሰር ስቆጣጠር።
ሰባኪ አይደለሁም፣ ዘማሪም አይደለሁ፤
ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ፣ ድምፅ ዝቅ አደርጋለሁ።
በዚህች በአንድ ጣቴ ስንት ሰው ተቀየመ!
አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው አጉረመረመ።

ከፊተኛው ረድፍ ተነስታ፣ በአሥር እጅ ተሻግራ፣
ወረቀት ትደርሰኛለች፣ ጥቅስ ከነቁጥሩ ቋጥራ፦
«ድምፅ ይቀነስ። ከበሮው ልብ ያውካል።»
ቀና ስል ኢዮስያስ ከመድረክ ያየኛል፤
ጊታሩን እንዳንጠለጠለ፣ ላቡ ሸሚዙን አርሶ፣
በአውራ ጣቱ «ጨምር» ይለኛል፣ ከንፈሩን ነክሶ።
ከአጥሩ ማዶ ፎቅ ይሠራል፤ ክሬኑ እሁድም አያርፍ፤
ለእርሱ አንድም ሰው የለም «ድምፅ ቀንስ» ብሎ የሚጽፍ።

ሐሙስ ማታ ስብሰባ ሆነ፤ ሻይ ቀረበ፣ ማንም አልጠጣ።
ሰው ሁሉ የቆየ ነገሩን ይዞ መጣ።
አንዷ፣ «ስክሪን ከገባ የመዝሙር መጽሐፌ ቦርሳዬ ውስጥ ሻገተ፤»
አንዱ፣ «መብራት ሲጠፋ ግጥሙም ጠፍቶ፣ ጉባኤው አፉን እንደ ከፈተ!»
አንዲት ልጅ፣ «የእናንተ መዝሙር ደህና ነው፣ ለቀብር፤» አለች፣
ብላም ራሷ ደነገጠች።

ያኔ ጋሽ ኤርሲዶ ተነሳ።
የእርሱ አኮርዲዮን ከመድረኩ ሥር ነው፣ ከተሰበረ ወንበር ጋራ፣
ወናፉ በፕላስተር ተጠግኖ፣ ቆዳው ተልጦ፣ አቧራ በአቧራ።
«በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ፣» አለ፣
«እዚሁ ሰፈር፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እየተሰቀለ፣
አሥራ አንድ ሆነን እንሰበሰባለን፣ አንዱ ደጅ ቆሞ አድሮ፤
ወናፉን አልከፍትም፤ የቀበሌው ጥበቃ ከግድግዳው ማዶ፣ ጆሮውን ቀስሮ።
ጣቴን ብቻ ቁልፎቹ ላይ አስኬዳለሁ፣ ድምፅ የለ።
እነርሱ ጣቴን አይተው ይዘምራሉ፣ በሆዳቸው።
ታዲያ እግዚአብሔር ያኔ አልሰማንም?»

ቤቱ ጭጭ አለ።
ኢዮስያስ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬት እያየ፦
«ጋሼ፣ ያን ጊዜ በሆዳችሁ የቀረውን ድምፅ
እኛ ካላወጣነው ማን ያውጣው?» አለ።

ፓስተሩ ሰዓቱን አየ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፦
ሁለት የድሮ፣ ሁለት የአሁን፤ ከበሮው በመስታወት ይከለል።
ማንም ደስ ሳይለው ፈረመ።
ሦስት ቤተሰብ በወሩ ገርጂ ወዳለ ኅብረት አለፈ።

«ለእትዬ አስካለ እንኳ እዘኑ!» ነበር የሽማግሌዎቹ ክርክር፤
እርሷ ግን ወንበሯን ጎትታ ተቀምጣለች ከትልቁ ስፒከር ሥር።
ድምፁን ዝቅ ያደረግሁ እሁድ በምርኩዟ መጣች፣ ትከሻዬን ነካች፤
«ልጄ፣ ጆሮዬ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤» አለች።
«ያ ዱም ዱም የሚለው ብቻ በእግሬ ይገባል፣ በወለሉ።
እርሱን አትንሳኝ። ለእነርሱ ግን አትንገር፣ ያፍራሉ።»

አልተናገርሁም።

ትናንት አገልግሎት አልቆ ወንበር ስንደራርብ፣
አየሁት ጋሽ ኤርሲዶን፣ መነጽሩን ጠርጎ ወደ እኔ ሲቀርብ።
በየቁልፉ ሥር የለጠፍሁትን አንድ በአንድ አነበበ፦
ኪቦርድ። ቤዝ። ሶሎ አንድ። ሶሎ ሁለት። የእግር ከበሮ።
መጨረሻው ላይ ደርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።
«የሕዝቡ የትኛው ነው?» አለኝ።

ሃያ አራት መስመር አለው፤ ለሕዝቡ መስመር የለውም።
እንዴት ብዬ ልንገረው?

ሶኬቱን ነቅዬ ነበር።
ጣቶቹን በጠፋው ሚክሰር ላይ አሳረፈ፣
አንዱን ገፋ፣ አንዱን ሳበ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፤
እኔም የትኛው መዝሙር እንደሆነ ለማወቅ
ጎንበስ ብዬ
ጣቱን አየሁ።